መንግሥት ሲለወጥ ተራራው እንዳይራቆት፦ ለሕዝብ የቀረበ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ በተራራ ግርጌ ለሚያርስ ገበሬ፣ በተፋሰስ ኮሚቴ ለሚያገለግል የቀበሌ ነዋሪ፣ ከፋብሪካ ፍሳሽ አጠገብ ልጆቹን ለሚያሳድግ ከተሜ፣ እንዲሁም ሥልጣን ለሚረከብና ለሚያስረክብ ሹም ሁሉ የተጻፈ ነው። ጉዳዩ አንድ ነው። በአገራችን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር፣ አንዳንዴም በአንድ መንግሥት ውስጥ አዲስ ካቢኔ በተዋቀረ ቁጥር፣ የአካባቢ ጥበቃ ሥራ መሠረቱ ይናጋል። የቀድሞው መመሪያ ኃይሉን ያጣል፤ አዲሱ ገና አልጸደቀም። በመካከሉ ባሉት ወራት መጥረቢያ የያዘ፣ ባዶ ቦታ የሚፈልግ፣ ፍሳሹን የሚለቅበት ያጣ ሁሉ የልቡን ይሠራል። ፖሊሲ በአንድ የምክር ቤት ስብሰባ ይስተካከላል። ታጥቦ የሄደ አፈር ግን አይመለስም፤ የተቆረጠ የአበሻ ጽድም ተተክቶ ደን እስኪሆን ትውልድ ያልፋል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። መነጋገር ያለብን ለውጥ ከመጣ በኋላ ሳይሆን አስቀድመን ነው። ስለዚህ ያለፈውን እናስታውስ፤ ከዚያም መደረግ ያለበትን አንድ በአንድ እንይ።

የ1983 ዓ.ም. ትምህርት

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመጣው ደርግ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ረገድ ትንሽ ሥራ አልሠራም። የካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ሲባል የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በእነሱም በኩል ሚሊዮኖች ለእርከንና ለችግኝ ተከላ ወጡ። በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በተካሄደው የምግብ ለሥራ መርሐ ግብር አንድ ሰው ውሎውን እርከን ሲሠራ ውሎ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይሰፈርለት ነበር። ጥናቶች እንደሚጠቅሱት እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት በእርሻ መሬት ላይ ወደ 600 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚደርስ የአፈርና የድንጋይ እርከን ተሠርቷል፤ 500 ሚሊዮን ያህል ችግኝም ተተክሏል። ብዙ ተራሮች ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ተደርገው ተከለሉ። በዚያ ዘመን የነበረ ሰው በአንዳንድ የወሎና የሸዋ ተራሮች ላይ ባሕር ዛፉ ሲያድግ በዓይኑ አይቷል።

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ሥራ አንድ ነገር ጎድሎት ነበር፤ ባለቤት። ገበሬው ጉድጓዱን የቆፈረው ታዞ ነው። ከብቱን ያሰማራበት የነበረው ተራራ ሲከለል አልተጠየቀም። ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጠው፣ ገንዘቡ ለማን እንደሚገባ የነገረው አልነበረም። ስለዚህ ዛፉን «የመንግሥት ዛፍ» አለው፤ ከዚያ በላይ የሚያስተሳስረው ነገር አልነበረምና።

ፈተናው የመጣው በሁለት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው የካቲት 1982 መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ባወጀ ጊዜ ነበር። በመንደር ምሥረታ ተሰብስቦ የነበረው ገበሬ ወደ ቀድሞ ቀዬው መመለስ ጀመረ። ተመላሽ ሁሉ ቤት መሥራት አለበት፤ ለቤት ደግሞ ምሰሶ፣ ማገርና ወራጅ ያስፈልጋል። ቅርብ የነበረው የገበሬ ማኅበሩ ደን ነው። ሁለተኛው ደረጃ በ1983 ዓ.ም. የመጨረሻ ወራት፣ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ግንቦት 20 አዲስ አበባ ሲገባ ነበር። ዘበኛው ደመወዝ የሚከፍለው ጠፋ፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወይ ሸሸ ወይ ዝም አለ። በብዙ ቦታ የማኅበረሰብ ደኖች ተጨፈጨፉ፤ ለዓመታት የተሠሩ እርከኖች ፈረሱ።

ጉዳቱ በዛፍ ብቻ አላበቃም። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የጥበቃ ኬላዎች ወደሙ፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን በብዛት በጥይት ተገደለ፤ የተረፈው ጥቂት ነበር። በሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ የነበረው መንጋም በአጭር ጊዜ ክፉኛ ተመናመነ። አንድም የምክር ቤት ድምፅ አልተሰጠም፤ አንድም አዋጅ አልተሻረም። የተለወጠው «የሚጠይቀኝ አለ» የሚለው ፍርሃት ብቻ ነበር፤ እሱ ሲነሳ ፖሊሲው አብሮ ተነሳ።

ተመራማሪው ደሳለኝ ራህማቶ ስለ አካባቢና ስለ መንግሥት ፖሊሲ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ አለን ሆበን የተባሉት አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪም በበኩላቸው፣ ይህን ዘመን መርምረዋል። ትንታኔያቸው የሚያመለክተው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ከላይ የታዘዘ፣ ባለመሬቱ ያልመከረበት ሥራ አዛዡ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ገበሬውን «አላዋቂ» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ሰው የራሱ ያልሆነውን ነገር በችግር ጊዜ እንዲጠብቅ መጠበቅ አይቻልም።

ጓሳን ያየ

ተመሳሳይ ነገር ከዚያ ቀደም ብሎ በመንዝ ደርሷል፤ ይህኛው ደግሞ ለውጥ የነበረውን መልካም ነገር እንዴት እንደሚያፈርስ ያሳያል። የጓሳ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ የሣር አገር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ከሥሩ የሚፈልቁ ምንጮች ቆላውን ያጠጣሉ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና እረኛ ከዝናብ ለሚጠለልበት ገሳ ይውላል። የመንዝ ሰው ይህን ቦታ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የአጠባበቅ ሥርዓት ይዞት ኖረ። ደጋው ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲበቃ በተወሰነ ጊዜ ይከፈትና ባለመብቱ ሁሉ ያጭዳል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። በዝግ ጊዜ የገባ ይቀጣል።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ከርስትና ከባላባት ጋር የተያያዘ ተብሎ ፈረሰ። አዋጁ ጭሰኛውን ነጻ ማውጣቱ ታላቅ ነገር ነው፤ ያንን ማንም አይክድም። ሆኖም ለዘመናት ሣሩን የጠበቀውን የሕዝቡን ደንብም አብሮ ጠረገው፤ በምትኩም የሚሠራ ደንብ አላቆመም። ጓሳ ማንም እንደልቡ የሚገባበት ሆነ። ግጦሹ በዛ፤ ሣሩ ሳስቶ ተጎሳቆለ። ሕዝቡ ቆይቶ እንደገና ተደራጅቶ፣ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ደንብ አውጥቶ፣ በመጨረሻ በ2004 ዓ.ም. የአማራ ክልል ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በደንብ ዕውቅና ሰጠው። በአንድ አዋጅ የፈረሰውን በሕግ ለማቆም 37 ዓመት ፈጀ።

አዲስ መንግሥት ከቀድሞው የወረሰውን ሁሉ በጅምላ እንዳያፈርስ የምንለምነው ለዚህ ነው። የሚጠላው ሥርዓት ውስጥ የሚጠቅም ነገር ሊኖር ይችላል፤ አጣርቶ መለየት ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል መንግሥታትን ሁሉ የተሻገሩ ነገሮች እንዳሉም እናስተውል። የኮንሶ እርከኖች ከ400 ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ዙሪያው ሁሉ ታርሶ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ የተረፉ ጥንታዊ ደኖች ብዙ ናቸው። የኮንሶ ገበሬ እርከኑን የሚጠግነው የቤተሰቡ መሬት ስለሆነና የሰፈሩ ደንብ ስለሚያስገድደው ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ጽድ ምእመኑ የማይነካው የተቀደሰ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላልና ያገሬ ሰው፣ በሁለቱም ቦታ የሚታወቅ ባለቤት አለ።

የመሥሪያ ቤት ስም ሲቀያየር

ለውጥ ማለት ጦር ከተማ መግባት ብቻ አይደለም። በጸጥታም ይመጣል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ1987 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 295 እንደገና ተቋቋመ። በ2005 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃና ደን ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. የአየር ንብረት ለውጥ በስሙ ላይ ተጨመረ። በ2011 ዓ.ም. ከሚኒስቴርነት ወደ ኮሚሽን ወረደ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ የአካባቢ ጥበቃው ወደ ባለሥልጣንነት ተመለሰ፤ ደኑ ለብቻው የኢትዮጵያ ደን ልማት ተባለ። በአሥር ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ነው።

እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ዜጋው ግን ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን አጣርቶ እንዲለቅ በጽሑፍ ግዴታ ገብቶ ከሆነ፣ ያ ፋይል ወደየትኛው ቢሮ ሄደ? የክትትል ቀጠሮው ማን ጋ ነው? ማኅተሙ ሲቀየር ማስጠንቀቂያው ጸንቷል ወይስ ተረስቷል? ከዚህ የከፋው ደግሞ የመቆጣጠር ሥልጣን ወደ ተቆጣጣሪው ሳይሆን ወደ ሥራው ባለቤት ሲዞር ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን የመመርመር ሥልጣን በአንድ ወቅት ለግብርናና ለማዕድን ለመሳሰሉት ሚኒስቴሮች በውክልና ተሰጥቶ ነበር። ፈቃድ ሰጪውና ፈቃዱን መርማሪው አንድ ሲሆን መርማሪው ዝም ይላል።

ሕግ በወረቀት ብቻ ሲቀር የሚሆነውንም በፕላስቲክ አይተናል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ከረጢቶችን ከልክሎ ነበር። ክልከላው ሥራ ላይ ሳይውል ዓመታት አለፉ፤ በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የአንድ ጊዜ መገልገያ ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ አጸደቀ። በሁለቱ አዋጆች መካከል ያሉት ዓመታት በየቦዩና በየማሳው ውስጥ ይታያሉ። አዲሱም እንደ ቀድሞው እንዳይሆን መጠየቅ የኛ ፈንታ ነው።

የባዕድ አገር ምርጫም ይነካናል

በእርዳታ የቆመ ሥራ ሌላ አገር ውስጥ መንግሥት ሲለወጥም ይናወጣል። አሜሪካ ከፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት እንደምትወጣ ፕሬዝዳንት ትራምፕ እ.ኤ.አ. በ2017 አስታወቁ፤ በ2020 ወጣች፤ በ2021 ፕሬዝዳንት ባይደን መለሷት፤ ጥር 2025 ትራምፕ እንደገና የመውጫውን ትእዛዝ ፈረሙ። የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤይድም እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2025፣ በእኛ ሰኔ 24 ቀን 2017፣ ሥራውን አቆመ። ድርጅቱ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከነበሩት ለጋሾች አንዱ ነበር። በዚህ ፕሮግራም የታቀፉ ቤተሰቦች በምግብ ወይም በገንዘብ ክፍያ እርከንና ክትር ይሠራሉ፤ የተራቆተ ተራራ ያለማሉ። ስለዚህ ለጋሹ በቆመ ቀን እርከኑን የሚጠግነው ማን እንደሆነ በጀቱ ከመቋረጡ በፊት ሊታወቅ ይገባል።

ዛሬ በእጃችን ያለው አደራ

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር እየተካሄደ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን መተከሉን መንግሥት አሳውቋል፤ በሁለት ምዕራፍ 50 ቢሊዮን ለማድረስም አቅዷል። በዝናብ ቆሞ የተከለው ሕዝብ ነው። ይህን ሥራ የደገፈም የነቀፈም በአንድ ነገር ሊስማማ ይገባል፤ በምድር ላይ የቆመው ችግኝ የፓርቲ አይደለም። የሚጠላው ሰው ስላስጀመረው ዛፍ የሚቆርጥ ጎረቤቱን ሳይሆን የራሱን ልጅ ጥላ ያሳጣል።

ነገር ግን የ1983ቱ ጥያቄ ዛሬም በየተራራው ቆሟል። ይህ ዛፍ የማን ነው? የተከሉት ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው የይዞታ ማረጋገጫ ይዘዋል? የወል መሬቱ ተለክቶ በቀበሌው ሕዝብ ስም ተመዝግቧል? ሲደርስ ማን ይቆርጣል፣ ማን ይካፈላል የሚለው በመተዳደሪያ ደንብ ተጽፏል? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥት ደን ሌላ የግል፣ የማኅበርና የማኅበረሰብ ደን ባለቤትነትን ያውቃል። በሩ ተከፍቷል፤ ሰነዱ ያልያዘ ግን ብዙ ነው። ሰነድ የሌለው ደን የነገው ለውጥ በመጣ ቀን ባለቤት አልባ ነው።

ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ምልክቶች

ለውጥ በሚሸትበት ወቅት የሚከተሉትን ያየ ሰው ዝም አይበል።

የደን ጥበቃ ሠራተኞች ደመወዝ ከተቋረጠ ወይም ኬላ ያለ ተተኪ ከተነሣ፣ ጭፍጨፋው ሩቅ አይደለም። አጠናና ከሰል የጫኑ መኪኖች በሌሊት ከበዙ፣ ከየት እንደመጡ ይጠየቅ። በርክክብ ሰሞን ለጠጠር ማውጫ፣ ለማዕድን ወይም ለኢንቨስትመንት በችኮላ ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ፣ የተጽዕኖ ግምገማው ይታይ። «ይህ የቀድሞዎቹ ሥራ ነው» ተብሎ የተከለለ ተራራ ሲከፈት፣ መጀመሪያ ሕዝቡ ይሰብሰብ። የተከለለ መሬት በጥቅም ለወገን ሲከፋፈል ከታየ ደግሞ ያንኑ ቀን በጽሑፍ ይመዝገብ።

ምን ይደረግ?

ለገበሬውና ለቀበሌው ነዋሪ፦ የተፋሰሱን ሥራ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ወሰኑን፣ የተተከለውን ዓይነትና ዓመተ ምሕረቱን፣ የተጠቃሚዎችን ስም ጻፉ። ቅጂውን በአንድ ቢሮ ብቻ አታስቀምጡ፤ በዕድሩ ሣጥን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመስጊዱ መዝገብ፣ በትምህርት ቤቱም ይቀመጥ። ቢሮ ሲዘረፍ ወይም ሲዘጋ ዕድር ይቀራል። የሽግግር ወራት ሲመጣ ሽማግሌዎች፣ ቄሱና ሼሁ በአንድ ላይ ቆመው «ይህ የኛ ነው፣ ማንም አይነካውም» ብለው ያውጁ። በቅርብ ያለ ባለቤት የሚፈራውን ያህል ሩቅ ያለ መንግሥት አይፈራም።

ለከተማ ነዋሪ፦ መብታችሁን እወቁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቷል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በሚመለከቱት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ የመመከር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው «ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል» ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት ብክለት ባደረሰው ላይ ለባለሥልጣኑ አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አዋጆች ስለሚሻሻሉ አቤቱታ ስታቀርቡ በሥራ ላይ ያለውን የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂ አጣሩ። አቤቱታችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ የመዝገብ ቁጥር ይሰጣችሁ፤ ቅጂው ይኑራችሁ። ሹሙ ሲቀየር የሚተርፈው ይህ ወረቀት ነው።

ለተሰናባች ባለሥልጣን፦ የመኪናና የቢሮ ቁልፍ እንደምታስረክቡ ሁሉ የፋብሪካ ማስጠንቀቂያዎችን፣ ያልተዘጉ አቤቱታዎችንና የተከለሉ ቦታዎችን ዝርዝር በፊርማ አስረክቡ።

ለአዲስ ባለሥልጣን፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተከለለ ቦታ አትክፈቱ፤ የቆመ ቁጥጥር አታንሡ። የምትጠሉት ፖሊሲ ካለ በሕግ አሻሽሉት፤ ተተኪው እስኪጸድቅ ግን የነበረው ይጽና። የጥበቃ ሠራተኞችን ደመወዝ ከማናቸውም ሹመት በፊት ክፈሉ። ስም መቀየር፣ አርማ መሥራትና አዲስ ዘመቻ ማወጅ ይቆየን፤ የተጀመረውን ማስቀጠል ይቀድማል።

ለጋዜጠኞች፦ በሥልጣን ሽግግር ጊዜ ካሜራው ሁሉ በቤተ መንግሥትና በምክር ቤት ላይ ይሆናል። አንዱን ወደ ጫካው ላኩት። ጭፍጨፋው ካለቀ በኋላ የሚወጣ ዘገባ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

በውጭ ለምትኖሩ ወገኖች፦ ለትውልድ ቀዬአችሁ ችግኝ የሚሆን ገንዘብ ስትልኩ የዘበኛ ደመወዝና የይዞታ ሰነድ ወጪም አብሮ ይታሰብ። መትከያው አንድ ቀን ነው፤ ጥበቃው ግን ዓመታትን ይጠይቃል።

መንግሥት መለወጡ አይቀርም፤ መለወጡም ክፉ ነገር አይደለም። ሕዝብ የመረጠው አዲስ አስተዳደር የራሱን ፖሊሲ የማውጣት ሙሉ መብት አለው። የማይገባው ፖሊሲውን ሲያወጣ ተራራው እንዲራቆት፣ ወንዙ እንዲበከል፣ አውሬው እንዲያልቅ መፍቀድ ነው። በ1967 ዓ.ም. ጓሳን፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ደኖቻችንን በዚህ መንገድ አጥተናል። ለሦስተኛ ጊዜ «አላወቅንም ነበር» ማለት አንችልም። ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ነገ ሳትሉ በቀበሌያችሁ ያለው የተከለለ ተራራ በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ። ባለቤት ካልተጻፈለት ይጻፍለት።